3018 ሲኤንሲ ማሽን፦ ከካርቶኑ እስከ መጀመሪያው ቅርጽ

ትንሹን የጠረጴዛ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ትዕዛዝ እንጨት የሚቀርጸውን ማሽን፣ የገዙ ሰዎች ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ማታ ይገጥሙታል፣ በማግስቱ እንጨት ያስሩበታል፣ ፑንታው ይሰበራል ወይም ክብ ያሉት ነገር ሞላላ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ "ርካሽ ዕቃ ምን ይሁን" ተብሎ አቧራ ይጠጣል። ርካሽነቱ እውነት ነው። ጥፋቱ ግን ከማሽኑ ይልቅ ከቅደም ተከተሉ ይመጣል።

ስለዚህ እዚህ አንድ ሕግ አለ፦ የሚሽከረከረው ሞተር፣ ስፒንድሉ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚነሳው። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ የሚይዘው እስክሪብቶ ነው። በአንዳንድ ደረጃዎች መጨረሻ ላይ ፈተና አለ፤ ፈተናውን ሳያልፍ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

የምናወራው 3018 ስለሚባለው ዓይነት ነው። ቁጥሩ የሥራ ስፋቱን ይነግራል፦ 300 በ180 ሚሊ ሜትር። በእርምጃ የሚዞሩ ሦስት ኔማ 17 ሞተሮች፣ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ 775 የተባለ የስፒንድል ሞተር እና ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ትዕዛዝ ለሞተሮቹ የሚተረጉም ጂአርቢኤል የተባለ ፕሮግራም የተጫነበት ቦርድ አለው። የእናንተ 2418 ቢሆንም አብዛኛው ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ከመግጠም በፊት

1. የሚከተሉትን አዘጋጁ፦ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች (2፣ 2.5፣ 3 እና 4 ሚሊ ሜትር)፣ ካሊፐር፣ ስኳድራ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ፒንሳ፣ መልቲሜትር፣ ቀጭን የማሽን ዘይት፣ ጥቂት ግሪስ። ከማሽኑ ጋር የሚመጡት ቁልፎች ጫፋቸው ለስላሳ ነው፤ የቡሎኑን ራስ ሳይበሉት ደህና ቁልፍ ግዙ።

2. ቡሎኖችን በየርዝመታቸው ለዩና በየሲኒው አስቀምጡ። 16 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ቦታ ላይ 20 ከገባ ጫፉ ከአልሙኒየሙ ታች ይነካና የጠበቀ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ልል ነው።

3. ቲ-ነቶቹን ቁጠሩ። በአልሙኒየሙ ቦይ ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ትንንሽ ዳዶዎች ጎረቤት ሱቅ አይገኙም። ወለል ላይ ከምትገጥሙ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ግጠሙ፤ የወደቀው ይታያል።

4. ፓወር ሰፕላዩን ገልብጣችሁ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። በጎኑ ላይ 110 እና 220 የሚል ትንሽ ማብሪያ ካለው ግን ሶኬት ሳይነካ ወደ 220 አዙሩት። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ማሽን ማብሪያው 110 ላይ ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። አሜሪካ ውስጥ ለምትገጥሙ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማብሪያው 220 ላይ ከቀረ ማሽኑ ወይ አይነሳም ወይ ይደክማል።

5. ኢንተርኔት እያለ የሚያስፈልገውን ሁሉ አውርዱ፦ ለቦርዱ የዩኤስቢ ቺፕ የሚሆነውን የሲኤች340 ድራይቨር፣ ማሽኑን የሚያዘውን ሶፍትዌር፣ ለንድፍ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ፍሪካድ። ለዊንዶውስ ካንድል ቀላሉ ነው። ማክ ወይም ሊኑክስ ያላችሁ ዩኒቨርሳል ጂ-ኮድ ሴንደርን ውሰዱ።

ደረጃ 2፦ መሠረቱን በትክክል ማቆም

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያርፈው ግን በዚህ አራት ማዕዘን ላይ ነው።

1. ፍጹም ጠፍጣፋ ነገር ፈልጉ። የኩሽና እብነበረድ ወይም ወፍራም መስታወት ይሆናል። የእንጨት ጠረጴዛ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ጎብጠዋል።

2. አራቱን የአልሙኒየም ዘንጎች በማዕዘን መያዣዎቹ አገናኙ፤ ቡሎኑን በጣት ብቻ ያዙት። ቲ-ነቱ በቦዩ ውስጥ 90 ዲግሪ ዞሮ መቆለፍ አለበት። እያጠበቃችሁ ቡሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ አልቆለፈም ማለት ነው፤ ፍቱት፣ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፣ እንደገና አዙሩ።

3. ሁለቱን አግድመት ለኩ፣ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ረጅሙን አግድመት በሁለት እጅ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን አትተዉት።

4. አሁን አጥብቁ፣ ግን በተቃራኒ ጥግ እያፈራረቃችሁ፣ በሁለት ዙር። አንዱን ጥግ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁ መሠረቱ ይጣመማል። ሲያልቅ አግድመቶቹን ድጋሚ ለኩ፤ ማጥበቅ ራሱ ያዛባል።

ፈተና፦ መሠረቱን እብነበረዱ ላይ አስቀምጡና አራቱን ጥግ በጣት ተጫኑ። ከተወዛወዘ አንዱ ጥግ ከፍ ብሏል። የዚያን ጥግ ቡሎኖች ፍቱ፣ መሠረቱን ወደ ታች እየተጫናችሁ መልሳችሁ አጥብቁ።

ደረጃ 3፦ የሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛና ድልድዩ

በዚህ ማሽን ላይ ሥራው የሚታሰርበት ጠረጴዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይህ ዋይ ነው። ስፒንድሉ በድልድዩ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ሲሄድ ኤክስ፣ ወደ ላይና ታች ሲሄድ ዜድ ይባላል።

1. ለስላሳዎቹን የብረት ዘንጎች በጨርቅ ጠርጉ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ቀቡ፣ ከዚያ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አሳልፉ። በጋደለ አቅጣጫ ከተገፉ በውስጥ ያሉት ትንንሽ ኳሶች ይረግፋሉ፤ ወደ ቦታቸው መመለስ የሰዓት ሥራ ነው።

2. የዘንጎቹን መያዣዎች ገና አታጥብቁ። ጠረጴዛውን ወደ አንዱ ጫፍ ግፉት፣ የዚያን ጫፍ መያዣ አጥብቁ። ወደ ሌላው ጫፍ ውሰዱት፣ ያንንም አጥብቁ። በዚህ መንገድ ዘንጎቹ ራሳቸው ትይዩ ይሆናሉ።

3. ድልድዩን የሚሸከሙትን ሁለት የጎን ሰሌዳዎች ስትገጥሙ ስኳድራ ተጠቀሙ። ከመሠረቱ ጋር 90 ዲግሪ ካልሆኑ ፑንታው ዘሞ ይቆማል፣ የተቦረቦረው ታችም መሰላል ይሆናል።

ፈተና፦ ባለ ጥርሱ ዘንግ ገና ሳይገባ ጠረጴዛውን በአንድ ጣት ከጫፍ ጫፍ ግፉት። የሚከብድበት ቦታ መኖር የለበትም። መሃል ላይ ቀሎ ጫፍ ላይ የሚከብድ ከሆነ ዘንጎቹ ትይዩ አይደሉም፤ ቁጥር 2ን ድገሙ። "ሞተሩ ይገፋዋል" ብሎ ማለፍ አይጠቅምም። ይህ ሞተር እንቅፋት ሲገጥመው እርምጃ ይዘላል፣ መዝለሉን ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ደረጃ 4፦ ባለ ጥርሱ ዘንግና ማገናኛው

ሞተሩ በዞረ ቁጥር ጠረጴዛውን የሚገፋው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ጥርስ ዘንግ ነው። በተለመደው 3018 ላይ አንድ ሙሉ ዙር 4 ሚሊ ሜትር ያስኬዳል። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ወደ በኋላ እንፈልጋታለን።

1. የነሐስ ዳዶው በሞላ የተገፋ ጥንድ ነው። ሞላው ተጨምቆ መግባት አለበት፤ ልል ሆኖ ከገባ ማሽኑ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ትንሽ ክፍተት ይኖራል። ሁለቱን ዳዶዎች በእጅ ጨምቃችሁ ያዙ፣ ዘንጉን በሁለቱም ውስጥ አዙራችሁ አሳልፉ።

2. ሞተሩንና ዘንጉን የሚያገናኘው ክብ ማገናኛ ጭንቅላት የሌላቸው ትንንሽ ቪቴዎች አሉት። የሞተሩ ዘንግ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ አንዷ ቪቴ በጠፍጣፋው ላይ ትረፍ። የዚህ ማሽን አብዛኛው የልክ ስህተት የሚመነጨው ከነዚህ ቪቴዎች መላላት ነው። በደንብ አጥብቋቸው፣ በማርከርም በማገናኛውና በዘንጉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተቆረጠ ተንሸራቷል።

3. ጥርሱ ላይ ቀጭን ግሪስ ቀቡ። ብዙ ካደረጋችሁት የእንጨት ብናኝ ይይዝና ይጋገራል።

ፈተና፦ ዘንጉን በጣት አዙሩ፣ በዝግታ። እዚህም የሚከብድበት ቦታ መኖር የለበትም። ሞተር በፍጥነት በእጅ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫልና ከቦርዱ ጋር ከተያያዘ በኋላ እንዲህ አትጫወቱበት።

ደረጃ 5፦ ሽቦ

1. የሦስቱን ሞተሮች ገመድ በቦርዱ ላይ በተጻፈው ፊደል መሠረት ሰኩ። ስፒንድሉን አሁን አታያይዙት።

2. ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣውን በመልቲሜትር ለኩ፤ 24 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፣ አዎንታዊውና አሉታዊውም በቦርዱ ላይ እንደተጻፈው መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ብቻ ከቦርዱ ጋር አገናኙት።

3. ገመዶቹን ከማሰራችሁ በፊት ጠረጴዛውንና ድልድዩን እስከ ጫፍ ውሰዱና የሚወጠር ገመድ እንዳለ ተመልከቱ። ወደ ስፒንድሉ የሚሄደውን ገመድ ከዩኤስቢው ገመድ አርቁት፤ አብረው ከታሰሩ በሥራ መሃል ኮምፒውተሩ ከማሽኑ ጋር ይቋረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኃይል እያለ የሞተር ገመድ በፍጹም አትንቀሉ፣ አትሰኩም። ሞተሩን የሚነዳው ትንሽ ቺፕ ወዲያው ይሞታል። ልል መሰኪያም ያው ነው።

ደረጃ 6፦ ከኮምፒውተር ጋር ማናገር

1. ድራይቨሩን ጫኑ፣ ዩኤስቢውን ሰኩ። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ አዲስ ኮም ፖርት ከነቁጥሩ ይመጣል። ካልመጣ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፤ አንዳንድ የስልክ ገመድ ባትሪ ብቻ ነው የሚሞላው፣ መረጃ አያስተላልፍም።

2. በሶፍትዌሩ ላይ ያንን ፖርት ምረጡ፣ ፍጥነቱን 115200 አድርጉ፣ ክፈቱ። ቦርዱ ስሙንና ቁጥሩን፣ ጂአርቢኤል 1.1 ብሎ ይመልሳል። የማይነበብ ምልክት ከመለሰ ፍጥነቱ ተሳስቷል።

3. $$ ብላችሁ ላኩ። የማሽኑ ቅንብር በሙሉ ይዘረዘራል። ምንም ሳትነኩ ዝርዝሩን ቀድታችሁ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። በኋላ አንድ ቁጥር ሲበላሽ ሌላ ሰው መለመን አይኖርባችሁም።

4. የላፕቶፑን እንቅልፍ አጥፉ። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ላፕቶፑ ራሱ ከተኛ ግን ማሽኑ ስፒንድሉ እየዞረ እንጨቱ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ቦርዱ ገና ሲከፈት ተቆልፌያለሁ የሚል የአላርም መልእክት ከሰጠ መነሻ የመፈለጊያ ቅንብሩ፣ $22፣ 1 ላይ ነው። የመጨረሻ ማቆሚያ ስዊች የሌለው ማሽን ከሆነ የዶላር ምልክቱን ከኤክስ ፊደል ጋር ልካችሁ ቁልፉን ፍቱ፣ ከዚያ $22=0 ብላችሁ ላኩ።

ደረጃ 7፦ ሞተሮቹን አንድ በአንድ

አሁን የ24 ቮልቱን ማብሪያ ክፈቱ። የቦርዱ መብራት ቀደም ብሎም በርቶ ነበር፤ እሱ የበራው በዩኤስቢው ነው። ሞተር ግን ያለ 24 ቮልት አይነሳም። "ሁሉም በርቷል ግን አይንቀሳቀስም" ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ይህችን ማብሪያ አልከፈቱም።

1. ጠረጴዛውንና ድልድዩን መሃል ላይ አድርጉ።

2. እርምጃውን 1 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱን በደቂቃ 200 ሚሊ ሜትር አድርጉ። አንድ እጅ ማብሪያው ላይ ይሁን።

3. የኤክስ መደመሪያን ተጫኑ፦ ስፒንድሉ ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። የዜድ መደመሪያን ተጫኑ፦ ወደ ላይ መውጣት አለበት። የዋይ መደመሪያን ስትጫኑ ጠረጴዛው ወደ እናንተ መምጣት አለበት። እዚህ ላይ ነው ግራ መጋባቱ። አቅጣጫ የሚቆጠረው ፑንታው በሥራው ላይ በሚሄድበት ነው፤ ጠረጴዛው ወደ እናንተ ሲመጣ ፑንታው በሥራው ላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ "ያስተካከለ" ሰው ጽሑፉ ሁሉ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ይቀረጽለታል።

4. አቅጣጫው ከተገለበጠ ገመድ አትቀይሩ፤ $3ን ቀይሩ። ኤክስ 1፣ ዋይ 2፣ ዜድ 4 ዋጋ አላቸው። የተገለበጠው አቅጣጫ ዋጋ በ$3 ውስጥ ከሌለ ደምሩት፣ ካለ ቀንሱት። ለምሳሌ $3 አሁን 5 ከሆነ (1 እና 4 ማለት ነው) ዋይን ለመገልበጥ 7 ይሆናል።

5. በዝግታ ከሄደ በኋላ እስከ 10 ሚሊ ሜትር እርምጃና በደቂቃ 800 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉ። ሞተሩ ከጮኸና ቆሞ ከተንቀጠቀጠ አቅሙ እዚያ ነው፤ $110፣ $111 እና $112 ላይ ያለውን የፍጥነት ጣሪያ ከዚያ በታች አድርጉ። በዝግታም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ፍጥነት አይደለም፤ ከአራቱ የሞተር ገመዶች አንዱ አልያዘም። ኃይሉን አጥፉና መሰኪያውን ተመልከቱ።

ደረጃ 8፦ ልኩ ልክ ነው?

ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ በፕላስተር ለጥፉ፣ ስፒንድሉ ላይ ደግሞ ሹል ነገር እሰሩ። 100 ሚሊ ሜትር ሂድ በሉትና ለኩ። 100ውን ከመጀመራችሁ በፊት ግን በዚያው አቅጣጫ 5 ሚሊ ሜትር አስኪዱት፤ የዳዶው ክፍተት ከልኬቱ ይወጣል።

አንድ ሚሊ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ ስንት እርምጃ እንደሚያስፈልገው የሚናገሩት $100፣ $101 እና $102 ናቸው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፣ ቦርዱ እያንዳንዱን ለ16 ይከፍለዋል፣ ዘንጉ በዙር 4 ሚሊ ሜትር ያስኬዳል። 200 ሲባዛ በ16፣ ሲካፈል ለ4፣ 800 ይሆናል።

100 ብላችሁ 50 ከሄደ ዘንጋችሁ በዙር 2 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ነው፣ ቁጥሩ 1600 ይሁን። 200 ከሄደ በዙር 8 የሚያስኬድ ነው፣ 400 ይሁን። እንዲህ በእጥፍ የሚሳሳት ቁጥር ቅንብር ነው፣ ይስተካከላል።

99 ወይም 98.5 ከሄደስ? ብዙ ቪዲዮ የታዘዘውን ለተለካው አካፍሉና ቁጥሩን ወደ 808 ወይም 812 ቀይሩ ይላል። እኔ አትቀይሩ እላለሁ። በፋብሪካ የተቆረጠ ዘንግ ከመቶ አንድ ያህል አይሳሳትም። ወይ ማገናኛው ተንሸራቷል፣ ወይ ዘንጎቹ ይጠብቃሉ፣ ወይ ማስመሪያው ጋድሎ ነው የተለጠፈው። ቁጥሩን ከቀየራችሁ ልልነቱን በቅንብር ሸፈናችሁት፤ ነገ ቪቴውን ስታጠብቁ ሁሉም ነገር በተቃራኒው ይሳሳታል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፣ የማርከሩን መስመር እዩ።

ደረጃ 9፦ የእስክሪብቶ ፈተና

እስክሪብቶ በስፒንድሉ ጎን በላስቲክ እሰሩ፤ ሲጫን ትንሽ ወደ ላይ መንሸራተት እንዲችል አድርጉት። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በአራት ጥጉ ለጥፉ። ጫፉ ወረቀቱን በነካበት ቦታ ሦስቱንም ዜሮ አድርጉ።

ከዚያ የሚከተሉትን ትዕዛዞች መስመር በመስመር፣ አንድ በአንድ ላኩ። እዚህ የጻፍኩት በድምፃቸው ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ።

ጂ21 ጂ90
ጂ0 ዜድ3
ጂ0 ኤክስ0 ዋይ0
ጂ1 ዜድ0 ኤፍ200
ጂ1 ኤክስ50 ኤፍ500
ጂ1 ዋይ50
ጂ1 ኤክስ0
ጂ1 ዋይ0
ጂ0 ዜድ3

የመጀመሪያው መስመር "ልኩ በሚሊ ሜትር ነው፣ ቁጥሮቹ ከዜሮ ይቆጠሩ" ማለት ነው። ኤፍ ፍጥነት ነው። የተሳለው 50 በ50 የሆነ ካሬ መሆን አለበት፤ አግድመቱ ደግሞ 70.7 ሚሊ ሜትር።

ወረቀቱን እንዲህ አንብቡት፦

ጎኖቹ እኩል 50 ሆነው አግድመቶቹ ከተለያዩ፣ ለምሳሌ አንዱ 70 ሌላው 71.4 ከሆነ፣ ድልድዩ ከጠረጴዛው መንገድ ጋር 90 ዲግሪ አይደለም። የድልድዩን አንድ እግር ቡሎን አላልታችሁ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ጥቂት አንቀሳቅሱትና ድገሙ።

መነሻውና መድረሻው ካልገጠሙ ወይ ዳዶው ክፍተት አለው ወይ ሞተሩ እርምጃ ዘሏል። ለመለየት እነዚያኑ ትዕዛዞች በዚያው ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ አስኪዱ። ስህተቱ በየዙሩ እያደገ ከሄደ ዝላይ ነው፤ ባለበት ከቆየ ክፍተት ነው።

ክብ ደግሞ አሥሉ። በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ በኩል ጠፍጠፍ ያለ ቦታ ካለው የዳዶው ሞላ አልተጨመቀም፤ ማሽኑ አቅጣጫ የሚለውጠው በእነዚያ አራት ነጥቦች ነውና።

ይህ ፈተና እስኪያልፍ ስፒንድል የለም። ወረቀት በሳንቲም ነው፤ ፑንታ ግን በባህር ማዶ ትዕዛዝ የሚመጣ ነው።

ደረጃ 10፦ ስፒንድልና ፑንታ

ከዚህ በኋላ መነጽር ሳታደርጉ አትቅረቡ። ጓንት አታድርጉ፤ የሚዞር ነገር ጓንትን ከነጣቱ ይጎትታል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም የአንገት ሐብል፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ ሁሉም ይሰብሰብ። ኤምዲኤፍ የምትቆርጡ የአፍና የአፍንጫ ጭንብል አድርጉ። ማሽኑ እየሠራ ከክፍሉ አትውጡ።

1. ኃይል አጥፍታችሁ የስፒንድሉን ሁለት ገመዶች አያይዙ።

2. ኢአር11 የሚባለው ፑንታ መያዣ ካላችሁ፣ ፑንታውን የሚጨብጠውን የተሰነጠቀ ቀለበት፣ ኮሌቱን፣ መጀመሪያ በዳዶው ውስጥ ጠቅ እስኪል ጫኑት፣ ከዚያ ፑንታውን አስገቡ፣ ከዚያ ስፒንድሉ ላይ አዙሩ። ኮሌቱን መጀመሪያ ስፒንድሉ ውስጥ ከትቶ ዳዶ ማጥበቅ ፑንታውን ዘሞ ያስቀምጠዋል። ያለ ፑንታም አታጥብቁት። አብዛኞቹ ትንንሽ ፑንታዎች ግንዳቸው 3.175 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኮሌቱም ያ መሆኑን አረጋግጡ።

3. ኤም3 ኤስ5000 ብላችሁ አስነሱ፣ ኤም5 ብላችሁ አቁሙ። ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ መዞር አለበት። በተቃራኒው ከዞረ ሁለቱን ገመዶች አቀያይሩ፤ በተቃራኒ የሚዞር ፑንታ አይቆርጥም፣ እያሻሸ ያቃጥላል። በጣም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፑንታው ዘሟል፤ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ።

4. $32 ዜሮ መሆኑን እዩ። እሱ የሌዘር ቅንብር ነው፤ 1 ላይ ከቀረ ስፒንድሉ በየመሃሉ ይጠፋባችኋል። ከማሽኑ ጋር ሌዘር አብሮ ከመጣላችሁ ለአሁን በሣጥኑ ይቆይ፤ አብሮት የሚሰጠው ቀጭን መነጽር ዓይን የሚያምኑበት አይደለም።

ደረጃ 11፦ የመጀመሪያው ቅርጽ

ለመጀመሪያ ጊዜ ኤምዲኤፍ ወይም ዋንዛ ውሰዱ። ባሕር ዛፍ ጠንካራና ጭረቱ ረጅም ስለሆነ ይቆይ። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ አልሙኒየም ለዚህ ማሽን ጉልበት ይከብዳል። የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ሰሌዳ ብናኙ የመስታወት ጭረት ነውና ያለ ጭንብልና መምጠጫ አይሞከርም።

1. ከሥራው በታች የሚበላሽ ኤምዲኤፍ አንጥፉ፣ ሥራውን በአራት ጥግ በክላምፕ እሰሩ። የክላምፖቹን ከፍታ ለኩ፤ ፑንታው በአየር ላይ ሲሻገር ከዚያ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል።

2. ዜሮን በወረቀት ፈልጉ። ስፒንድሉ ጠፍቶ ወረቀት ከፑንታው ሥር አድርጉ፣ በ0.1 ሚሊ ሜትር እርምጃ አውርዱ፣ ወረቀቱ ሲጎተት እስኪያዝ። እዚያ ዜድን ዜሮ አድርጉ። የወረቀቱ ውፍረት 0.1 ያህል ነው፤ ለዚህ ሥራ አያሳስብም።

3. ከንድፍ ሶፍትዌሩ ያወጣችሁትን የቅርጽ ፋይል መጀመሪያ በአየር ላይ አስኪዱ። ዜድን ዜሮ ካደረጋችሁበት 10 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እዚያ ጊዜያዊ ዜሮ ስጡት፣ ስፒንድሉ ጠፍቶ ሙሉውን አሳዩት። ከክላምፕ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የምታውቁት አሁን ነው። ከዚያ ትክክለኛውን የዜድ ዜሮ በወረቀት መልሱ፤ ይህን የረሳ ሰው አየር ይቀርጻል።

4. መነሻ ቁጥሮች፦ በአንድ ዙር ጥልቀት 0.5 ሚሊ ሜትር፣ የጎን ፍጥነት በደቂቃ 300፣ የመውረጃ ፍጥነት በደቂቃ 100፣ ስፒንድሉ ሙሉ።

5. ጆሯችሁን ስጡት። ያልተቆራረጠ ድምፅና ትንንሽ ፍርፋሪ ጥሩ ነው። የመቃጠል ሽታና ዱቄት ብቻ ከሆነ ፑንታው እያሻሸ ነው፤ ፍጥነቱን ወደ 400 ጨምሩ እንጂ አትቀንሱ። ማሽኑ የሚንገጫገጭ ከሆነ ጥልቀቱን በግማሽ ቀንሱ።

ደረጃ 12፦ በመሃል መብራት ሲጠፋ

ይህን ከመጀመሪያው ቅርጽ በፊት አንብቡት። አደገኛው መብራቱ መጥፋቱ ሳይሆን ተመልሶ መምጣቱ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ቦርዱም በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ከዩኤስቢው እየበላ ሕያው ይሆናል። ስለዚህ ሞተሮቹ ቆመው እያለ ቦርዱ ሥራውን እየቆጠረ ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ስፒንድሉ ድንገት ይነሳል፣ ማሽኑም ካለበት ሳይሆን አለሁ ብሎ ከሚያስበው ቦታ ይቀጥላል። ፑንታው እንጨቱ ውስጥ፣ እጃችሁም ምናልባት እዚያው።

መብራት እንደጠፋ፦

1. በሶፍትዌሩ ላይ ሪሴት ተጫኑ። "ቀጥል" የሚለውን አትንኩ።
2. የማሽኑን ማብሪያ አጥፉ፣ ስፒናውን ንቀሉ።
3. የዜድን ዘንግ በእጅ በዝግታ አዙራችሁ ፑንታውን ከእንጨቱ አውጡ።
4. መብራት ሲረጋጋ ማሽኑን አስነሱ፣ ወደ ዜሮ ምልክታችሁ መልሱት፣ ሦስቱንም ዜሮ አድርጉ፣ ፋይሉን ከመጀመሪያው አስኪዱ። የተቆረጠውን በአየር ያልፈዋል። ጊዜ ይበላል፣ ከመሃል ለመቀጠል ከመገመት ግን ይሻላል።

ለዚህ ነው ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ከቅርጹ ውጭ ባለ ጥግ፣ በሹል ፑንታ 0.2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላት ነጥብ አድርጋችሁ እሷን ዜሮ የምትሉት። ነጥቧ ከሌለች መመለሻ የለም።

ሌሎች የሚያጋጥሙ ነገሮች

ስህተት 9፦ ማሽኑ ተቆልፎ ሳለ ትዕዛዝ ልካችኋል። ቁልፉን ፍቱ።

ስህተት 20፦ ፋይሉ ጂአርቢኤል የማያውቀውን ትዕዛዝ ይዟል። ከንድፍ ሶፍትዌሩ ስታወጡት ለጂአርቢኤል የሚለውን ምረጡ።

ስህተት 22፦ ፍጥነት አልተሰጠም፤ የኤፍ ቁጥር ጎድሏል።

አላርም 1፦ የመጨረሻ ማቆሚያው ተነክቷል። ማንም ሳይነካው ከመጣ የስፒንድሉ ሽቦ በስዊቹ ሽቦ ላይ እየረበሸ ነው፤ አራርቋቸው።

ስፒንድሉ ሲነሳ ዩኤስቢው የሚቋረጥ ከሆነ አጭር፣ በጫፉ ላይ ጥቁር ጉብታ ያለበት ገመድ ተጠቀሙ፣ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

የመጀመሪያው ሥራ ካለቀ በኋላ ስፒንድሉ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ፣ ብናኙን በብሩሽ ጥረጉ እንጂ በአፍ አትንፉት። ከዚያ የማገናኛዎቹን ቪቴዎችና የድልድዩን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈትሹ፤ መንቀጥቀጡ የሚያላላቸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። $$ ብላችሁ ቅንብሩን ድጋሚ ቅዱ፣ ከመጀመሪያው ፋይል አጠገብ በቀኑ ሰይማችሁ አስቀምጡት።